መቀበሉ ይቀራል

አዲሷ ነርስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

«ሾፌሩ ልጄን ጥሩልኝ እያለ ነው» አለችኝ። «ሌላ ቃል አይወጣውም። ውሃ ስሰጠው ልጄን፣ ስገለብጠው ልጄን። የልጁን ስልክ ፍለጋ መዝገቡን ብከፍት ተጠሪ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።»

«አከራዩን ጠይቀሻል?»

«አከራይቱ ጉሮሮው እንዳይደርቅ ብቅ ትላለች እንጂ ልጅ እንዳለው እንኳ አታውቅም። ሐኪሙ ደግሞ ሳምንቱን አይዘልቅም ብሏል። ኮምፒውተርሽ በልቶት ይሆናል፤ እባክሽ አስተፊው።»

ኮምፒውተር አይበላም ልላት ነበር፤ ተውኩት።

ድርጅታችን ከአልጋ መነሣት ለማይችሉ ሰዎች ነርሶችን ወደየቤታቸው ይልካል። እኔ ኮምፒውተሮቹን እጠብቃለሁ። በሽተኞቹን አላውቃቸውም፤ ለእኔ ስክሪን ላይ የተደረደሩ መስመሮች ናቸው። ሾፌሩን ግን በወሬ አውቀው ነበር። የታላቅ እህቴ በሽተኛ ነበር፤ እህቴ ደግሞ ስለ በሽተኞቿ ካላወራች እራት አይወርድላትም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዳ፣ ሰዓት ከሞላ ለማንም የማይቆም፣ አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ ነርሷ ስትዘገይ የግድግዳ ሰዓቱን በአገጩ የሚያመለክት ሰው ነው። እንዲህ ነበር የነገረችን።

እህቴ ከሞተች ከወር በላይ ሆኗል። አውቶቡስ ስትጠብቅ ወደቀች። በጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ነው አሉን። ስልኳን ከወደቀችበት አንዱ አንሥቶ ይዞት ሄደ። ላፕቶፗ ግን ትከሻዋ ላይ ስለነበረ ሆስፒታሉ ከልብሷና ከጫማዋ ጋር ለባሏ አስረከበው። ሰው ሲያለቅስ እኔ ወንበር ስደረድር ነበርኩ። ወንበር የሚደረድር ሰው ያስፈልግ ነበር።

እናም ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ገጹን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ሳጥኑ ይበላሽና ውስጡ ያለው አይታይም። ገጹ ደህና ነው። ቀጥዬ የሌሎቹን ነርሶች በሽተኞች ከፈትኩ። የእነሱ ተጠሪዎች ሁሉም አሉ፤ ስማቸው፣ ስልካቸው፣ ዝምድናቸው። እንደገና ወደ ሾፌሩ፣ ከዚያም እህቴ ወደምታያቸው ሌሎች በሽተኞች ሄድኩ። ባዶ። ባዶ። አንዷ ዘንድ የድሮ ስልክ አለ፤ ብደውልለት አገልግሎት ላይ አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ ባዶ።

የጠፋው የእህቴ ብቻ ነው።

ይህን ሳይ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ የተሰረዙ ገጾችን ማስታወሻ ከፈትኩ። ማሽኑ የተሰረዘውን ነገር አያስቀምጥም፤ መሰረዙን፣ ቀኑንና የሰረዘውን ሰው ስም ብቻ ይይዛል። ስሙ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። ቀኑም ሁልጊዜ አርብ ነው።

የነርሶቹን አለቃ በሌለችበት መጥረጊያ እንላታለን። ጠረጴዛዋ ላይ እስክሪብቶ ቢንጋደድ ወሬዋን አቋርጣ የምታቀና ሴት ናት። ስገባ የመድኃኒት መደርደሪያውን እየወለወለች ነበር።

«አርብ አርብ መንታዎቹን የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት?»

«የምን መንታ?»

«አንድ በሽተኛ ሁለት ገጽ ይዞ ሲመጣ።»

«እህ፣ እነዚያን ነው? አዎ፣ እኔ ነኝ። ማን ያጥፋቸው ታዲያ? እናንተ እንደሆናችሁ ሸረሪት ራሳችሁ ላይ ቢያደራ አትነቁም!»

«ከማጥፋትዎ በፊት ያነቧቸዋል?»

«ምኑን አነበዋለሁ ልጄ? ያው አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይታመም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መቀመጤን አልወደደችውም፤ ወንበሩ የተደረደረ ነበር። አሠራሩን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋት። እያንዳንዷ ነርስ የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ በላፕቶፗ ይዛ ትዞራለች። ቢሮ ስትመጣ ገመዱን ትሰካለች፤ ያን ጊዜ የእሷ ቅጂና የቢሮው ቅጂ ይመሳሰላሉ። በቅድሚያ እሷ የጻፈችው ወደ ቢሮው ይላካል። ቀጥሎ ሌሎች የጻፉት ወደ እሷ ይመጣል፤ ይህ መቀበሉ ነው። መቀበሉ ረጅም ነው። ሌሎቹ ነርሶች ሻይ ይጠጡበታል።

«እህቴ አትጠብቅም ነበር» አልኳት። «መላኩ ሲያልቅ ገመዱን ነቅላ ትሄዳለች። ስለዚህ የምትጽፈው ሁልጊዜ አሮጌ ገጽ ላይ ነው። በመሐል እንግዳ ተቀባይዋ የዚያኑ ሰው የጉብኝት ቀን እዚህ ትቀይራለች። ማሽኑ አንድ ገጽ በሁለት እጅ ተጽፎ ሲያገኝ መፍረድ አይችልም። በኋላ የተነካውን ዋና ያደርግና ሌላውን መንታ ብሎ ከሥሩ ያስቀምጠዋል፤ ሰው አይቶ እንዲያስታርቀው። ከሥር የሚቀመጠው የእህቴ ነበር።»

አለቃዋ ጨርቁን አጠፈችው። መልሳ አጠፈችው።

«እኔም ጠረግኩት» አለች።

«መሰረዙ ደግሞ ከቅጂ ወደ ቅጂ ይሄዳል። አሁን በማንም ነርስ ላፕቶፕ የለም።»

«መጠባበቂያ አለን ትሉ የለ? ያ ዲስክ የምን ጌጥ ነው?»

«የሚቀዳው አርብ ማታ ነው። እርስዎ ካጸዱ በኋላ።»

ተቀመጠች። ሴትዮዋ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም ማለት ይቻላል። አለቃ ከመሆኗ በፊት ዕድሜዋን ሙሉ ነርስ ነበረች፤ ባዶ ሳጥን ማለት ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

«እህትሽ የሾፌሩን ልጅ ስንት ለፍታ እንዳገኘቻት ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ካባትየው ጋር ከተኳረፉ ዘመን ሆኗቸዋል። ስልኳን የምትሰጥ ዘመድ እንኳ ጠፍታ ነበር። ‹አገኘኋት!› ብላ እዚህ በር ላይ ስትዘል፣ መሬቱ እርጥብ ነው ብዬ ተቆጣኋት።» ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የእሷ ላፕቶፕ ባሏ ዘንድ አይደል? ይምጣና ይሰካ።»

«ከተሰካ አለቀለት።»

«ደግሞ ለምን?»

«የመጨረሻ ቀን እዚህ መጥታ ሰክታ ነበር። መላኩ አለቀ፣ ነቀለችው። መቀበሉ አልደረሳትም፤ ስለዚህ እሷ የጻፈችው እዚያ ማሽን ላይ እንዳለ ነው። አሁን ብንሰካው የቢሮው ባዶ ሳጥን ሄዶ በእሷ ላይ ይጻፋል።»

«እንግዲህ ያ መጥፎ ጠባይዋ ነዋ ያተረፈው።»

«ያጠፋውም እሱ ነው።»

«እሱና እኔ» አለች መጥረጊያ።

በዚያ በመጨረሻው ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ገመዱን ስትነቅል «ይጨርስ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!» ብያት ነበር። «አንቺ ጨርሺልኝ፣ አውቶቡስ ያመልጠኛል» ብላኝ ወጣች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ነገር ካለ የሰማሁት እኔ አይደለሁም።

የእህቴ ባል መነጽር ሠሪ ነው። ከፊት ለፊት ሱቁ፣ ከጀርባ ቤታቸው። ሰውየው መስታወት ሲሞርድ ላየው፣ ዓለም በሙሉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ይመስላል። እህቴ ቀንድ አውጣ ትለው ነበር፤ እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ «አቤት» ይላታል። ጋሼ እለዋለሁ። ስገባ መብራት ሥር ሌንስ ይዞ ወደ ብርሃኑ እያገላበጠ ነበር፤ አየኝና ሌንሱን በጨርቅ ጠቅልሎ አኖረው።

«ላፕቶፑን ልትወስጂ ነው?»

«ላነብበት ነው የመጣሁት።»

«አለቃሽ ስትደውል ሰነበተች።»

«ከእንግዲህ አትደውልም።»

ወደ ውስጥ ገባን። ላፕቶፑ የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ እህቴ የምትቀመጥበት ቦታ ተቀምጧል። ወንበሯ እንደ ድሮው ወደ በሩ ዞሯል፤ ለመነሣት እንዲመቻት ሁልጊዜ በጎኗ ነበር የምትቀመጠው። እኔም እንደዚያው እቀመጣለሁ። ጋሼ ወንበሩን አላቀናውም።

«አንድ ቀን ይዤው መጥቼ ነበር» አለኝ። «በራችሁ ድረስ። ዘበኛው ግባ አለኝ፤ እመለሳለሁ ብዬው ሄድኩ።»

«ምነው?»

«እንጃ። ከበደኝ። ዕቃውን ማለቴ አይደለም።»

ገብቶ ቢሆን ኖሮ እንግዳ ተቀባይዋ ተቀብላው ወዲያው ትሰካው ነበር። ላፕቶፕ ሲገባ ይሰካል፤ ልማዷ ነው።

«እንኳን ተመለስክ» አልኩት።

ምክንያቱን ነገርኩት። ሾፌሩን ያውቀዋል፤ ያ ሁሉ የእራት ወሬ ለእሱም ደርሶታል። ማሽኑን ከፈተው። የይለፍ ቃሉን ሊጽፍ ሲል ትከሻውን ወደ እኔ አዞረ፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈ። ረጅም ቃል ነበር፤ ቃሉን እስከ ዛሬ አላወቅኩትም፣ አልጠየቅኩትምም።

«ማታ ማታ እከፍተዋለሁ» አለ ጀርባውን እንደሰጠኝ። «የነገ ጉብኝቶች የሚለው ይመጣል። ‹ነገ› ብሎ የሷን ሰዎች ይደረድራል። ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው። ሞኝነት ነው፣ አይደል?»

«ማሽኑ ቀኑን ከቢሮ ነው የሚቀበለው። ካልተሰካ እዚያው ነው የሚቆመው።»

«እንደዚያ ነው?» አለ። የጠየቀኝ ይህን እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

የሾፌሩን ገጽ ከፈትኩ። ሳጥኑ ሙሉ ነው። እንዲያውም ሞልቶ ፈሷል፤ እህቴ አንድ ስልክ ቁጥር በሚበቃበት ቦታ ወሬ የምትጽፍ ሰው ነበረች፤ በዚህም ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ጋሼ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ ጮክ እያለ አነበበው፤

«ተጠሪ፦ ልጁ። ቀን ፋብሪካ ስለምትሆን አታነሣም፤ አመሻሽ ላይ ደውሉ። እሱ ካልጠራት አትመጣም፤ እሱም አይጠራትም። ሁለቱም ግትር ናቸው። የጠራት ቀን ግን ወዲያው ይነገራት። ቃል ሰጥቻታለሁ።» ቀጥሎ ቁጥሩ አለ።

ከገጹ ግርጌ ማሽኑ ራሱ የሚጽፋት ትንሽ መስመር አለች፤ መጨረሻ የጻፈው ሰው ስም። የእህቴ ስም።

«ግትር አለቻቸው» አለ ጋሼ። «ባይዋስ ማን ናት!» ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረበት።

መስኮቱ ላይ ብርሃኑ መደብዘዝ ጀምሯል። ደወልኩ።

«ሃሎ?»

«ጤና ይስጥልኝ፣ የምደውለው ከ—»

«ሲስተር! አንቺ! የት ጠፋሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ ሳታስጨርሰኝ። «ብደውል ዝግ፣ ብደውል ዝግ! ተቀየመችኝ ብዬ እኮ ሞቼልሽ ነበር። ምን አጠፋሁ? ባለፈው በንግግሬ ከሆነ—»

ድምፃችን ይመሳሰላል። ድሮ እናታችን እንኳ በስልክ አትለየንም ነበር።

«እህቷ ነኝ» አልኳት።

«ውይ፣ ይቅርታ እህቴ! ቁርጥ እሷ ነሽ። እሷስ፣ ደህና ናት?»

«አባትሽ እየጠራሽ ነው።»

ከወዲያ ማዶ ጫጫታ ነበር፤ ሰዎች ከሥራ ሲወጡ ይመስላል። ጫጫታው ራቀ። የሆነ ጥግ ሄዳ መሆን አለበት።

«እሱ ራሱ? ባፉ?»

«ባፉ። ሌላ ነገር አይናገርም። ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሏል፤ ነገ ብትመጪ ጥሩ ነው።»

«ዛሬ ማታ መኪና የለም። በመጀመሪያው እነሣለሁ።» ትንፋሿን ሰማሁት። «ግን ሲስተር ለምን ራሷ አልነገረችኝም? እኔ ነኝ የምደውልልሽ ብላኝ ነበር እኮ።»

ያን ጊዜ ድረስ ሌሎች ናቸው ቃሉን ሲሉልኝ የኖሩት፤ አረፈች፣ ተለየችን፣ እንዲህ ሆነች። እኔ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ የሚነገረው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

«ሞታለች» አልኩ።

ሴትዮዋ ጮኸች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ መንገድ ላይ ቆማ፣ ሳታፍር። «ውይ የኔ እናት፣ የኔ እናት፣ በሳምንት በሳምንቱ እየደወለች ‹ዛሬ በላ፣ ዛሬ ተላጨ› ስትለኝ፣ ጠይቄያት ሳላውቅ—» ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አራቅኩት፤ ግን አልዘጋሁትም። ፊቷን ዐይቼ የማላውቃት ሴት ናት ለእህቴ የምታለቅስልኝ።

ጋሼ ድምፁ ደርሶታል። ተነሥቶ ወደ ሱቁ ሄደ። የመሞረጃው ማሽን ሲነሣ ሰማሁት፤ ለረጅም ጊዜ ጮኸ። ስወጣ ሳየው መብራቱን ሳያበራ ማሽኑ ፊት ቆሟል፤ በእጁ ሌንስ አልነበረም።

በማግስቱ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ቤቱን ስለማታውቀው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አጠር ያለች፣ ጣቶቿ በመርፌ የተወጋጉ ሴት ናት፤ ትንሽ ቦርሳ በደረቷ ይዛ ወረደች። ገና ሰላም ሳልላት አቀፈችኝ። መተቃቀፍ አይሆንልኝም፤ እስክትጨርስ ቆምኩላት።

«በዚህ መናኸሪያ ነው ጥሎኝ የሄደው» አለችኝ ስንራመድ። «ተማሪ ሆኜ። ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። ሰዓቱ ሞላ፣ ሄደ። የገዛ ልጁን! ተሳፋሪው ‹ልጅህ ቀረች› ሲለው ‹ትድረስበት› አለ አሉ።»

«በዚህ ነው የተጣላችሁት?»

«ኧረ ይሄ እንኳ የሚያስቀኝ ነው። የተጣላንበትን ተይው።»

ተውኩት።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ወንበር፣ ውሃ የያዘ ጠርሙስ፣ ከአልጋው ትይዩ የግድግዳ ሰዓት። የሰው ልጅ እንደዚያ ሲያንስ ዐይቼ አላውቅም። አዲሷ ነርስ ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ እያረጠበችለት ነበር፤ ስታየን ቦታ ለቀቀች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

ልጅቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ መጣሁ» አለችው። ዐይኑን ከፈተ። ረጅም ጊዜ አያት። ሰዓቱን አላየም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሰማሁት፤ ሁላችንም ሰማነው።

«ጠበቅኩሽ» አላት።

እሷም ግንባሯን እጁ ላይ ደፋች። አዲሷ ነርስ ጥጡን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ወጣሁ፤ ደጁ ላይ የአከራይቱ ልብስ ታጥቦ ተሰቅሎ ነበር፤ በልብሱ መሐል ሄድኩ።

ሳምንቱን አልዘለቀም። ሐኪሙ ልክ ነበር። ልጁ ግን እስከ መጨረሻው እዚያው ነበረች፤ አልጋው ሥር ፍራሽ አንጥፋ ትተኛ ነበር አለችኝ ነርሷ። ብዙም አላወሩም፤ እሱ መናገር አልቻለም፤ እሷም የተጣሉበትን ነገር አላነሣችም። የታረቁ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እንጃ፤ ፂሙን ትላጨው ነበር» አለችኝ።

ከቀብሩ በኋላ ጋሼ ላፕቶፑን ይዞ ቢሮ መጣ። ዘበኛው ግባ አለው፤ ገባ። እንግዳ ተቀባይዋ ገመዱን ይዛ ከወንበሯ ስትነሣ አለቃዋ ከክፍሏ ጮኸችባት፤ «እንዳትነኪው! እጅሽን ሰብስቢ!» የሴትዮዋን ድምፅ እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም።

የሾፌሩ ጉዳይ አልቋል። የሌሎቹ ግን በሕይወት አሉ፤ ተጠሪያቸውም ያለው እዚያ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አኖርን፤ ጋሼ ከላፕቶፑ ያነባል፣ እኔ በቢሮው ዴስክቶፕ እጽፋለሁ። እሱ ሲያነብ ቀስ ብሎ ነው፤ እኔ ቀድሜው ጨርሼ እጄን አንሥቼ እጠብቀዋለሁ።

«ተጠሪ፦ ጎረቤቷ» ይላል። «ስልኩን ገልብጣ ስለምትይዘው አትሰማም፤ ‹አዙሪው› ብላችሁ ጩኹ።»

እጽፋለሁ።

«ተጠሪ፦ ወንድሙ። ሥራ አለብኝ ይላል። የለበትም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄንንም ትጽፊዋለሽ?»

«ሁሉንም።»

«ይሄ እንኳ ለመዝገብ...»

«ጋሼ፣ አንብብ።»

በመጀመሪያዎቹ ገጾች አላስተዋለም። ቀጥሎ ግን በእኔ ስክሪን ግርጌ የሆነ ነገር ዐየና ማንበቡን አቆመ። ‹አስቀምጥ› የሚለውን በተጫንኩ ቁጥር ማሽኑ ያችን መስመር ይጽፋታል። መጨረሻ የጻፈው፦ የእኔ ስም።

«ያንቺ ነው የሚለው» አለ።

«የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነዋ።»

«የጻፈችው እሷ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ። ማሽኑ የሚያውቀው የመጨረሻውን እጅ ብቻ ነው።»

«የሷን ማድረግ አይቻልም?»

ይቻላል። ቁልፉ በእጄ ነው፤ በስሟ ገብቼ መጻፍ እችል ነበር። ግን ነገ አንዲት ነርስ አንድ ነገር ግራ ገብቷት ይህን የጻፈው ማን ነው ብላ ስትፈልግ የምታገኘው የሞተ ሰው ይሆናል።

«አይሆንም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ንባቡም ተመለሰ። ድምፁ ከዚያ በኋላ ዝቅ አለ።

አለቃዋ ስለ ጥፋቱ ሪፖርት ጠይቃኝ ነበር። ስጽፍ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ማሽኑ ነው ብለሽ ብትዘጊውስ?» አለችኝ። «ለእኔ ብዬ አይደለም። የእህትሽን ስም ማንሣት ምን ያደርግልሻል?»

«ማሽኑ ምንም አላጠፋም።»

ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ። ነርሷ መቀበሉ ሳያልቅ ገመዱን ትነቅል ነበር። የተጋጩት ገጾች ሳይነበቡ ይሰረዙ ነበር። አለቃዋ አነበበችው፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳታስተካክል ፈረመችበት። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ መንታዎቹን አትማ፣ ተቀምጣ ታነባለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ስትፈልገው አያታለሁ።

መዝገቡን ቀድተን የጨረስነው ቢሮው ሰው እየቀነሰ ሲሄድ ነው። የጋሼ ጉሮሮ ደርቋል፤ ሻይ አመጣሁለት። ላፕቶፑ ነገ ለአዲሷ ነርስ ይሰጣል። ገመዱን አነሣሁ።

«አሁን ሲሰካ የሷ ይጠፋል?» አለ።

«ቃላቱ አይጠፉም። ቀድተናቸዋል።»

«‹ነገ› የሚለውስ?»

«የዛሬውን ቀን ይቀበላል። ያ ይቀየራል።»

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። አላጣደፍኩትም። ዝግታው ሁልጊዜ ያቃጥለኝ ነበር፤ ያን ቀን አላቃጠለኝም።

«ስኪው» አለ በመጨረሻ።

ሰካሁት። በስክሪኑ መሐል ትንሿ መስኮት ተከፈተች። ከላይ ያለችው መስመር ወዲያው ቆመች፤ የሚላክ የለም።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ አነበባት። «ምን ማለት ነው?»

«ያላትን ሁሉ ልካለች ማለት ነው።»

«አለቀ እንግዲህ?»

«መላኩ ነው ያለቀው። መቀበሉ ይቀራል።»

ሁለተኛዋ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረች፤ ቀስ እያለች፣ ቆም እያለች። ጣቴ ገመዱ ላይ ነበር፤ ለካ ሳላውቀው ይዤው ነው። ለቀቅኩት። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «አልጨረሳችሁም እንዴ?» አለን።

«ትንሽ ነው የቀረን» አልኩት።

ጋሼ ወንበሩን ሳበልኝ። ፊቴን ወደ ስክሪኑ አድርጌ ተቀመጥኩ።